ሻንሲውን ከመቁረጥህ በፊት

«ይድረስ ለጋሼ፦ የምኖረው በክላርክስተን፣ ጆርጂያ ነው። 41 ዓመቴ ነው፤ የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አባቴ በወባ መከላከል ሥራ ላይ ሳለ በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር ይዞር ስለነበር የሞተር ፍቅር ከልጅነቴ አብሮኝ አድጓል። በቅርቡ አንድ አዛውንት ቤት ለዓመታት ቆሞ የነበረ የ1971 ሆንዳ ሲቢ 350 ገዛሁ። በእግር ሲመታ ይዞራል፤ ግን አይነሳም። ሐሳቤ ማይክ ሄይልውድ በ1960ዎቹ ይወዳደርበት የነበረውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆንዳ አስመስዬ እቤቴ ጋራዥ ውስጥ መሥራት ነው። ዝቅ ያለ መሪ፣ የፋይበርግላስ ነዳጅ ታንክ እና ኋላው ጉብታ ያለው መቀመጫ አዝዣለሁ። መቀመጫው እንዲገጥም የሻንሲውን የኋላ ጫፍ ለመቁረጥ መቁረጫ ማሽን ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ግን ‹በገንዘባችን ሞትህን እየገዛህ ነው› ትለኛለች። እርስዎ ምን ይሉኛል? ከየት ልጀምር? — ብ.»

ወንድሜ ብ.፣

መቁረጫ ማሽኑን ከካርቶኑ አታውጣው። ሌላውን ጥያቄህን በየተራው እመልስልሃለሁ፤ ይህኛው ግን ለነገ የሚባል አይደለም።

ልትቆርጠው ያሰብከው የሻንሲ ክፍል ትርፍ ብረት አይደለም። የኋላ አሞርዛተሮቹ የላይኛው ጫፍ የሚታሰረው እዚያ አካባቢ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ምቱን የሚቀበለው፣ አንተንም ተሸክሞ የሚውለው እሱ ነው። «እኔ የምቆርጠው ከአሞርዛተሩ ማሰሪያ ወዲያ ያለውን ጭራ ብቻ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ያ ጭራ ግን የግራውንና የቀኙን ብረት አያይዞ የያዘ ነው። ተቆርጦ ሲወድቅ በቦታው ሌላ ማያያዣ በብልሃት ካልተበየደ ሁለቱ ጎኖች ለየብቻ መወዛወዝ ይጀምራሉ። ጉዳቱ ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ እያለ አይታይም፤ የሚታወቅህ መታጠፊያ ላይ፣ በፍጥነት ላይ ሳለህ ነው። የሻንሲ ብየዳ ደግሞ ሙያው የሌለው ሰው በቅዳሜ ከሰዓት የሚለማመደው ነገር አይደለም።

ደግሞም መቁረጥ አያስፈልግህም። ያዘዝከው መቀመጫ ከሥሩ ባዶ ቅርፊት ነው፤ የኋላውን የጭቃ መከላከያ ከፈታህለት የሻንሲው ጭራ አብዛኛውን ጊዜ በጉብታው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ከአሉሚኒየም ጠፍጣፋ ማሰሪያዎች አጥፈህ ሥራና የድሮው መቀመጫ ይታሰርባቸው በነበሩት ቦታዎች ላይ፣ በመካከል ወፍራም ላስቲክ አድርገህ እሰረው። ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢልብህ ይበል። የምትፈታውንም እያንዳንዱን ዕቃ ከነብሎኑ በከረጢት አድርገህ ስሙን ጻፍበት፤ አንድም ነገር አትጣል። ይህ ሞዴል የተመረተው ከ1968 እስከ 1973 ነው፤ ሳይነካካ የቆየው በየዓመቱ እያነሰ ነው የሚሄደው። ነገ ልጅህ «እንደ ድሮው እናድርገው» ቢልህ ማድረግ መቻል አለብህ።

አሁን ወደ ሕልምህ ልምጣ። ሄይልውድን መውደድህ ይገባኛል። በ1966 እና በ1967 የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናን በባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሆንዳ ወስዷል፤ በእነዚያው ሁለት ዓመታት የ350ውንም ጨምሮበታል። ነገር ግን ያንተ ሞተር ሁለት ሲሊንደር ነው። ያ ሆንዳ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት የጭስ ማውጫ ነበረው፤ በሁለት ሲሊንደር ሞተር ላይ የውሸት ቧንቧ ብትደረድር የምታከብረውን ነገር ታራክሰዋለህ። እኔ የምመክርህ ምሳሌህን እንድትቀይር ነው። ሆንዳ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለግል ተወዳዳሪዎች ያዘጋጃቸው ባለ ሁለት ሲሊንደር መወዳደሪያዎች ነበሩት፤ 250 ሲሲው ሲአር 72፣ 305 ሲሲው ደግሞ ሲአር 77 ይባላሉ። ሲአር 77ን ያዝ። ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ የጭስ ማውጫ፣ ፊትም ኋላም የታንቡር ፍሬን፤ ይህ ሁሉ ካንተ ሞተር ጋር ይገጥማል። ምድቡም ያው ነው። 305 ሲሲው ይሰለፍ የነበረው በ350 ምድብ ነው፤ ያንተም ስሙ 350 ይሁን እንጂ ትክክለኛ ይዘቱ 325 ሲሲ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። በዚያ ዘመን በግራንድ ፕሪ ውድድር የቁጥር ሰሌዳው ቀለም ምድቡን ይናገር ነበር። 125 ጥቁር ሰሌዳ በነጭ ቁጥር፣ 250 አረንጓዴ በነጭ፣ 350 ሰማያዊ በነጭ፣ 500 ቢጫ በጥቁር። ስለዚህ ያንተ ሰሌዳ ሰማያዊ ሆኖ ቁጥሩ ነጭ ነው፤ ዓይንህ ቢጫውን ቢወድም እንኳ። የአየር መከለያም ልጨምር ካልክ የፊት ጎማውን ጭምር የሚውጠውን ዓይነት አትግዛ፤ እሱ ከ1958 ጀምሮ ከዓለም ሻምፒዮና ታግዷል፤ የ1960ዎቹ መወዳደሪያ ላይ ቦታ የለውም። የፊት ጎማውን ነጻ የሚተወውን ያዝ፤ እሱንም መጨረሻ ላይ። አዲስ የተሠራ ሞተር የት እንደሚያፈስ እያየህ መንዳት ይኖርብሃል፤ መከለያ ደግሞ ሁሉንም ይሸፍንብሃል።

ሌላ ዕቃ ሳታዝዝ አንድ ቅዳሜ ልጆችህን ይዘህ በኢንተርስቴት 20 ወደ ምዕራብ ንዳ። በርሚንግሃም፣ አላባማ ያለው የባርበር ሙዚየም በዓለም ካሉት ትልልቅ የሞተር ሳይክል ስብስቦች አንዱ ነው። እዚያ ስትደርስ ሙሉ ሞተሩን ፎቶ ማንሳት አይጠቅምህም። ተጠግተህ የፍሬኑ ገመድ በየት እንዳለፈ፣ የእግር ማሳረፊያው በምን እንደታሰረ፣ ታንኩ በየትኛው ማሰሪያ እንደተያዘ፣ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ተበስቶ በቀጭን ሽቦ እንዴት እንደተጠለፈ አንሳ። ጋራዥህ ውስጥ የሚያስፈልጉህ እነዚያ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩ አሁን ባለው መልኩ ይነሳ፣ ይሂድ፣ ይቁም። ይህን አጥብቄ የምልህ በምክንያት ነው። ሁሉን ነገር ፈትቶ፣ መሪውንም የአየር ማጣሪያውንም የጭስ ማውጫውንም የኤሌክትሪክ ሽቦውንም በአንድ ጊዜ ቀይሮ የገጠመ ሰው ሞተሩ አልነሳ ሲለው ችግሩ ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ ማወቂያ የለውም። በየጋራዡ በሳጥን ውስጥ ተበትነው የሚቀሩት ሞተሮች አብዛኞቹ የቀሩት በዚህ ነው። መጀመሪያ በትክክል የሚሠራ ሆንዳ ይኑርህ፤ ከዚያ አንድ ነገር ቀይር፣ ንዳው፣ ሌላ ቀይር፣ ንዳው።

ጋራዥህ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ ቤንዚን የሚነካ ሥራ ሁሉ ውጭ ይሠራ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ የማሞቂያውን እሳት ያገኘዋል። በሩ ተዘግቶም ሞተር አታስነሳ፤ ጭሱ ወደ ቤት ይገባል፤ ልጆች አሉህ።

ካንዴላዎቹን አውጥተህ በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምርና አሳድረው። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን የዲናሞ ክዳን ክፈትና በመካከል ያለውን ብሎን በቁልፍ ይዘህ ሞተሩን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረው። የሚይዝ ወይም የሚያንኳኳ ነገር ካለ እጅህ ይነግርሃል፤ የኤሌክትሪክ ማስነሻው ግን ሳይነግርህ ይሰብረዋል። ክዳኖቹን ስትፈታ ተጠንቀቅ፤ ባለ መስቀል ብሎኖቹ በጃፓን ልክ የተሠሩ ናቸው። እዚህ በየሱቁ የሚሸጠው ካቻቢቴ በትክክል ስለማይቀመጥባቸው እየተንሸራተተ መስቀሉን ይልጠዋል። የጃፓን ልክ ካቻቢቴ ግዛ፤ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውንም ዓይነት ጨምርበት። ይህ ወጪ በመጀመሪያው ቀን ራሱን ይከፍላል።

ይህ ሞተር የወረቀት ዘይት ማጣሪያ የለውም። በቀኝ በኩል፣ ከክዳኑ ጀርባ የሚሽከረከር ትንሽ ኩባያ አለው፤ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ በሽክርክሪቱ ጉልበት ወደ ግድግዳው እየወረወረ ያጠራቅመዋል። የሚይዘውን ቀለበት አውልቀህ ክዳኑን ስትስበው ግድግዳው ላይ የተጋገረ ግራጫ ዝቃጭ ታገኛለህ። በጣትህ ነክተህ በብርሃን ብታየው ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ከሞተሩ ውስጥ የተፋቀ ብረት ነው። በእንጨት ፍቀህ አውጣና ኩባያውን አጽዳ። ይህን ሥራ ዘልሎ ዘይት ብቻ የሚቀይር ሰው አዲሱን ዘይት እዚያው ቆሻሻ ላይ ያዞረዋል። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ የዘይት ነገር ይቅርታ የለውም፤ ላይ ያለው ቫልቮላ ከፋቹ ዘንግ ሁለት ጫፉ ኩሽኔታ ሳይኖረው በቀጥታ በአሉሚኒየም ክዳን ውስጥ ነው የሚዞረው። ዘይት ካጣ አሉሚኒየሙ ይበላል። ለዚህ ነው ሲነሳ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነዳጅ እየሰጠህ እንዳታስጮኸው የምለምንህ፤ መወዳደሪያ የሚመስል ሞተር ላይ ደግሞ ፈተናው ይበረታል።

ቫልቮላዎቹን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ልካቸው፤ የአየር ማስገቢያው 0.05 ሚሊሜትር፣ የጭስ ማውጫው 0.10 ሚሊሜትር ነው። የካንዴላውን እሳት ጊዜ የሚወስኑትን ፑንቲናዎች አጽዳና ልክ፤ ሁለት ናቸው፣ ለየሲሊንደሩ አንድ። ካርቡሬተሮቹን ፈትተህ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የነሐስ ቀዳዳዎች በብርሃን አሻግረህ እያየህ አጽዳቸው፤ በሽቦ እየወጋህ አታስፋቸው። ላይኛው ክዳን ውስጥ ያለውን ቀጭን የላስቲክ ሽፋን ወደ ብርሃን ዘርጋው፤ የመርፌ ጫፍ ያህል ቀዳዳ ካለበት ሲሊንደሩ ነዳጅ ስትሰጠው አይነሳሳም።

እዚህ ላይ ልታዝዘው የምትችለው አንድ ዕቃ አለ፤ አትዘዘው። ሁሉም የውድድር ቅጂ የሚሠራ ሰው የድሮውን የአየር ማጣሪያ ሳጥን አውጥቶ በየካርቡሬተሩ አፍ ላይ ትንንሽ ክብ ማጣሪያ ይሰካል፤ ከጎን ሲያዩት ያምራል። የዚህ ሞተር ካርቡሬተሮች ግን የሚከፈቱት በእጅህ ብቻ አይደለም፤ ውስጣቸው ያለውን ተንሸራታች ወደ ላይ የሚያነሳው የአየሩ ግፊት ልዩነት ነው። ሳጥኑ ሲወጣ ያ ሚዛን ይበላሻል፤ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ደህና ይሄድና መካከል ላይ ይንተፋተፋል። ሰውየው ደግሞ ለወራት የነሐስ ቀዳዳዎች ሲቀያይር ይከርማል። የሳጥኑ አለመታየት ከፈለግክ በጎን ክዳን ሸፍነው። አንድ ቀን በእውነተኛ ውድድር ልሰለፍ ካልክ ደግሞ ካርቡሬተሮቹን ጭምር በሚኩኒ ሥሪት ካርቡሬተሮች ቀይር፤ ግማሹን ለውጥ ብቻ አታድርግ።

ፍሬን። ገንዘብህ መጀመሪያ የሚሄደው እዚህ ነው። ያንተ የፊት ፍሬን ታንቡር ነው፤ ውስጡ ያሉት ሁለት ሸራዎች ሁለቱም ታንቡሩን የሚይዙት በጎማው የፊት መዞሪያ አቅጣጫ ነው፤ በትክክል ከተስተካከለ ደህና አድርጎ ያቆማል፤ ካልተስተካከለ ግማሽ ፍሬን ነው። ውጭ በኩል ሁለቱን ክንዶች የሚያያይዝ ዘንግ አለ፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳና የመጀመሪያው ሸራ ታንቡሩን ልክ ሲነካ ሁለተኛውም በዚያው ቅጽበት እንዲነካ ዘንጉን አስተካክል። ጆሮህን አስጠግተህ ጎማውን እያዞርክ ስትሰማው ሁለት የተለያየ ፍጭት ይሰማሃል፤ አንድ እስኪሆን ድረስ ሥራው አላለቀም። የድሮውን ሸራ አትመነው፤ በዕድሜ ብዛት ሙጫው ለቆ ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላል፤ የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስም ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፋው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። አንድ ተጨማሪ ነገር ልወቅ ብትል፣ ይህ ዓይነት ፍሬን ወደፊት ስትሄድ የሚበረታውን ያህል ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትንሸራተት አይዝም፤ እዚያ ላይ የኋላውን ፍሬን ርገጥ።

ጎማዎቹን ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆንም ጣላቸው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እይ፤ ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2308 የሚል ካየህ በ2008 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በ18 ኢንች ቸርኬ ልክ ዛሬም ጥሩ ጎማ ይመረታል፤ የውስጥ ጎማውንም አብረህ ቀይር። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ አድርጋቸው፤ የጠበቀው ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይሞታል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅና ሞተሩ ሰፈር ውስጥ ያለ ችግር ሲዞር፣ ያን ጊዜ መሪውን ቀይር። ዝቅ ያለው መሪ በፊት አሞርዛተሮቹ ላይ ይታሰራል፤ ስታስረው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ ሦስት ነገር እይ። አውራ ጣትህ በመሪውና በታንኩ መካከል እንዳይጨፈለቅ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመዶች እንዳይወጠሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ ሳለ መሪውን ስታዞር የሞተሩ ዙር በራሱ ከፍ እንዳይል። ከፍ ካለ የነዳጅ መስጫው ገመድ እየተሳበ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ስትታጠፍ ሞተሩ በራሱ ይፈተለካል።

የእግር ማሳረፊያው ወደ ኋላ ሲሄድ የማርሽ መርገጫውን ገልብጠው የሚገጥሙ አሉ፤ ያኔ አንደኛ ማርሽ የነበረበት አቅጣጫ ይቀየራል። አንተ የጭነት መኪና ሹፌር ነህ፤ ደክሞህ ስትመጣ እግርህ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ማያያዣ ዘንግ ያለውንና አቅጣጫውን የማይቀይረውን ግዛ። ለኋላ ፍሬኑም መርገጫው አጭር ሆኖ ጉልበት እንዳያሳጣህ በዝግታ እየነዳህ ደጋግመህ ፈትነው።

ያዘዝከውን የፋይበርግላስ ታንክ የምትመልስበት ጊዜ ካላለፈ መልሰው። እዚህ አገር በማደያው የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል የብዙ ፋይበርግላስ ታንኮችን ሙጫ ያለሰልሳል። ታንኩ ያብጣል፣ ቀለሙ ይነሳል፣ የሟሟው ሙጫ ወደ ካርቡሬተርና ወደ ቫልቮላ ሄዶ ይጣበቃል። ገንዘብ ካለህ የአሉሚኒየም ታንክ ግዛ፤ ከሌለህ የራስህን የብረት ታንክ ዝገቱን በኮምጣጤ አጽዳና ቀባው። ቀዳዳ ካገኘህበት በምንም ዓይነት ራስህ አትበይደው፤ ባዶ የመሰለ ታንክ በትነት ይፈነዳል።

ቀለሙን በሰማያዊው ሰሌዳ ዙሪያ እንደፈለግክ አስውበው፤ የሆንዳ ፋብሪካ መወዳደሪያዎች ቀይና ብርማ ነበሩ። ሲአር 77 ነው ብለህ ግን አትሽጠው፤ አትጻፍበትም። ስትፍቅና ስትቀባ በመሪው አንገት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር እንዳይጠፋ ተጠንቀቅ፤ ከግዢ ወረቀትህ ጋር መግጠሙንም ዛሬውኑ አረጋግጥ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ፍርሃቷን አትናቀው። የምትፈራው ነገር አለ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ፍሬን፣ ያረጀ ጎማ፣ የተቆረጠ ሻንሲ። እነዚህን እንዴት እንደምታስተካክል ንገራት፤ ከመሪውና ከመቀመጫው በፊት ገንዘቡ የሚሄደው ለፍሬን፣ ለጎማና ለራስ ቁር መሆኑንም ጽፈህ አሳያት። ከፍተኛውን ወጪ አብራችሁ ወስኑ፤ ሞተሩን ከገዛህበት ዋጋ ሦስትና አራት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችልም አትደብቃት። የክላስ ኤም (የሞተር ሳይክል) መንጃ ፈቃድ ከሌለህ ፈቃዱ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ይውጣ፤ የጀማሪዎች ሥልጠናውን አገር ቤት የነዳህ ቢሆንም ውሰደው።

በዚህ ሳምንት ግን አንድ ሥራ ብቻ ሥራ። ዘይት ጨምረህ ካሳደርከው በኋላ የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ተዋስ፤ ሁለቱንም ካንዴላዎች አውጥተህ፣ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ ለሙሉ ከፍተህ ይዘህ ግራውንና ቀኙን ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ካርቡሬተሩን መፍታት ጀምር። በጣም ከተለያዩ ግን የዝቅተኛው ሲሊንደር ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምረህ ደግመህ ለካው። ከፍ ካለ ችግሩ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ነው። ቁጥሮቹን ጻፍልኝ፤ ሞተሩ ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለውን ከዚያ ተነስተን እንወስናለን።